ኦይል ማሞቂያ ሙያ ውስጥ ለመግባት ከየት ልጀምር? ቦስተንና አካባቢው

የኮምቦልቻ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ይህ የመጀመሪያ ጽሑፌ ነው።

በዲቪ ከመጣሁ አንድ ዓመት ተኩል ሆነኝ። የምኖረው ማልደን ነው፣ አጎቴ ጋ። አገር ቤት ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሪክ ሌቭል 4 ጨርሼ ሲኦሲም አልፌያለሁ። እዚህ ግን ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ። ሥራ ክቡር ነው፣ አላማርርም። እጄ የለመደው ግን ሌላ ነው።

ባለፈው ጥር የአጎቴ ቤት የኦይል (የናፍጣ) ማሞቂያ እኩለ ሌሊት ላይ ጠፋ። ልጆቹ ጃኬት ለብሰው ተኙ። ጠዋት ቴክኒሺያን ሲመጣ አብሬው ቤዝመንት ወረድኩና ባትሪ ያዝኩለት። በርነሩን፣ ናፍጣውን ረጭቶ የሚያቀጣጥለውን ክፍል፣ ፈትቶ ሲያወጣው የድሮ ጓደኛዬን ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል፣ ብልጭታ የሚሰጠው ኤሌክትሮድ፣ ፓምፑ፣ እሳቱን የሚያየው ዓይን፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። መጠናቸው ነው ያነሰው። ሰውዬው 40 ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቤ እዚያው ነው።

ጥያቄዬ ይኸው። አንድ የማታ ትምህርት ቤት ጠይቄ የነገሩኝ ክፍያ ከቁጠባዬ በላይ ነው። ተበድሬ ልማር ወይስ መጀመሪያ ሥራ ልፈልግ? የአገር ቤት ወረቀቴስ ይረዳኛል? ደግሞ አንዳንድ ሰው «ኦይል ሊቀር ነው፣ አትድከም» ይለኛል። እውነት ነው? ባለቤቴና ልጄ ገና አገር ቤት ናቸው። ጊዜም ገንዘብም ማባከን አልችልም።

ቤዝመንት_19

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብኩት። በዚህ ሥራ 19 ዓመቴ ነው፣ ሁሉም እዚሁ ማሳቹሴትስ። ይረዝማል፣ ሻይህን ይዘህ አንብበው።

መጀመሪያ ፈቃዱን ማን እንደሚሰጥ እወቅ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በእኛ ስቴት የጋዝ ሥራ የሚፈቅደው የቧንቧና የጋዝ ሠራተኞች ቦርድ ነው። የኦይል በርነር ቴክኒሺያን ሰርተፊኬት የሚሰጠው ግን የእሳት አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ፋየር ማርሻሉ ያለበት። ናፍጣ ቤት ውስጥ ማቃጠል በሕጉ ዓይን የእሳት ጉዳይ ነውና። አንዱ ወረቀት ሌላውን አይተካም። ሰርተፊኬቱ የሚገኘው በፈተና ነው። የማመልከቻውን ፎርም ከመሥሪያ ቤቱ ገጽ ራስህ አውርደህ አንብብ፤ ትምህርት ቤት የሚሸጥልህ ሰው በነገረህ ብቻ አትሂድ።

ሁለተኛ፣ ኖራ የሚባል ስም ደጋግመህ ትሰማለህ። ኮንግረስ በ2000 ባወጣው ሕግ የተቋቋመ የማሞቂያ ናፍጣ የምርምርና የሥልጠና ድርጅት ነው። በየጋሎኑ ሁለት አሥረኛ ሳንቲም ተቆርጦ ለእሱ ይገባል። ሦስት ደረጃ አለው፤ ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ። ብሮንዙ ለጀማሪ ነው። ሲልቨሩ በሥራ ላይ ላለ ሰው ሲሆን በየ5 ዓመቱ ተጨማሪ ትምህርት እየተወሰደ ይታደሳል። ይህን ግን ልብ በል፤ የኖራ ወረቀት ላይሰንስ አይደለም። እውቀትህን ያሳያል፣ ለአሠሪ ያስመርጥሃል፣ የስቴቱን ሰርተፊኬት ግን አይተካም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ። አትበደር። መጀመሪያ ረዳት ሆነህ ግባ። ሰው የጠፋበት ሙያ ነው። አሮጌዎቹ ጡረታ እየወጡ ነው፣ ቤዝመንት መውረድ የሚፈልግ ወጣት ጥቂት ነው። ብዙ የናፍጣ ድርጅት ጎበዝ ረዳት ካገኘ ትምህርቱን ራሱ ይከፍላል። ረዳት ብቻውን በርነር አይነካም፣ ሰርተፊኬት ካለው ሰው ጋር ቫን ውስጥ ይዞራል። ትምህርቱም ያለው እዚያ ቫን ውስጥ ነው። ክፍል ውስጥ የምታየው በርነር ንጹሕ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ዙሪያው መብራት ነው። እውነተኛው በርነር ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ድመቷ የምትተኛበት ጥግ ላይ ነው።

ወቅቱን ምረጥ። ድርጅቶች ረዳት የሚፈልጉት በሚያዝያና በግንቦት፣ የጽዳቱ ወቅት ሲጀምር ነው። ለመማርም ጥሩ ጊዜ ነው። በክረምት ሁሉም ይሮጣል፣ ማንም አያስረዳህም። በበጋ ግን በቀን አራት አምስት ቤት እየተጸዳ በእርጋታ ታያለህ።

አንድ ጽዳት ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ደረጃው ጫፍ ላይ ያለውን ቀዩን ማብሪያ ማጥፊያ ታጠፋለህ። የታንኩን ቫልቭ ትዘጋለህ። ኖዝሉን አውጥተህ በአዲስ ትቀይራለህ፤ የሚረጨውን መጠንና ማዕዘን የሚያሳየውን ቁጥር አይተህ፣ 0.85 ከሆነ 0.85፣ 80 ዲግሪ ከሆነ 80 ዲግሪ። የኤሌክትሮዱን ክፍተት በመለኪያ ትለካለህ እንጂ በዓይን አትገምትም። ፊልተር ትቀይራለህ። የቦይለሩን ሆድ በብሩሽ ፍቀህ ጥላሸቱን በቫኪዩም ትስባለህ። ከዚያ የፓምፑን አየር አስወጥተህ ታስነሳለህ። እሳቱ ሲረጋ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ላይ ባለችው ቀዳዳ የጭስ መሳቢያውን አስገብተህ 10 ጊዜ ትስባለህ። ነጭ ወረቀቷ ላይ ክብ ምልክት ይወጣል። መመዘኛው ከ0 እስከ 9 ነው። ዜሮ ማለት ወረቀቷ ነጭ ሆና ወጣች ማለት ነው። ከዚያ በአናላይዘር፣ በጭስ መመርመሪያው መሣሪያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ታያለህ፤ ከ11 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ሁሉንም ቦይለሩ ላይ በተንጠለጠለችው ካርድ ጽፈህ ትፈርማለህ። ያቺን ካርድ ባየሁ ቁጥር ከኔ በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደመጣ አውቃለሁ።

ስላንተ ልምድ አንድ ነገር ልጨምር። በእንፋሎት ነው የሠራኸው አይደል? ቦስተንና ዙሪያዋ በእንፋሎት የሚሞቁ አሮጌ ቤቶች ሞልተዋል። ወጣቶቹ ቴክኒሺያኖች ይፈሯቸዋል። የቦይለሩን ውሃ ልክ የሚያሳየውን የውሃ መስተዋት ማንበብ፣ ብሎው ዳውን ማድረግ (ከሥር ያለውን ቆሻሻ ውሃ ማስወጣት)፣ ውሃ ሲያንስ የሚያጠፋውን መቆጣጠሪያ መፈተሽ ላንተ የዕለት ሥራ ነበር። ለኢንተርቪው ስትቀርብ ይህን በመጀመሪያ ተናገር።

የኮምቦልቻ_ልጅ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ዘርዝሮ የነገረኝ ሰው የለም።

አዎ፣ እንፋሎት ነው። እኛ የምናቃጥለው ፈርኔስ ኦይል ነበር። ወፍራም ስለሆነ ሳይሞቅ አይፈስም። ጠዋት ማሞቂያው ካልሠራ ፋብሪካው ሁሉ ይቆማል። ግፊቱም ከቤት ጋር አይወዳደርም። እዚህ የቤት እንፋሎት በስንት ነው የሚሠራው?

ቤዝመንት_19

ከ2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በታች። ብዙ ሰው አይሞቅም ብሎ ከፍ ያደርገዋል፣ ስህተት ነው። እንፋሎት በዝቅተኛ ግፊት ነው በደንብ የሚሄደው። ናፍጣችንም ቀጭን ነው፣ ቁጥር 2 ይባላል። በቀይ ቀለም የተቀባ ናፍጣ በለው።

ሌላም መንገድ አለ፣ ሳልነግርህ አልፌው ነበር። ማሳቹሴትስ ትልልቅ ቦይለሮችን የሚያንቀሳቅስ ሰው ሌላ ላይሰንስ ያስፈልገዋል። ከታች «ፋየርማን» ይባላል፣ ከላይ «ኢንጂነር»፣ እያንዳንዱ በደረጃ የተከፋፈለ። ፋየርማን ሲሉህ እሳት አጥፊ እንዳይመስልህ፤ የቦይለር ሰው ማለት ነው። ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ይቀጥራሉ። ቤት ለቤት መዞር የለውም፣ ፈረቃ ነው። ለስድስት ዓመት የፋብሪካ ልምድህ የሚቀርበው እሱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም እይ። የፋብሪካውን የሥራ ልምድ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አስጽፍ፤ የቦይለሩን ዓይነትና መጠን፣ የነዳጁን ዓይነት፣ የሠራህበትን ጊዜ ይጥቀስ። «በመልካም ሥነ ምግባር አገልግሏል» ብቻ የሚል ደብዳቤ እዚህ ብዙም አይጠቅምህም።

ፖርትላንድ_ሜይን

እኔም ልግባ። የምጽፈው ከሜይን ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት የሚሞቀው በናፍጣ ነው፣ በአሜሪካ ከሁሉም ስቴት የሚበልጠው እኛ ጋ ነው። ሥራ ከፈለግህ እዚህም ና።

የኛ አሠራር ትንሽ ይለያል። ላይሰንሱን የሚሰጠው የሜይን ፉዌል ቦርድ ነው። ናፍጣውም፣ ፕሮፔኑም፣ የተፈጥሮ ጋዙም በአንድ ቦርድ ሥር ናቸው። መሰላሉ ግልጽ ነው፤ አፕረንቲስ (ለማጅ)፣ ጆርኒማን (ባለሙያ)፣ ማስተር (ዋና ባለሙያ)። አፕረንቲስ ብቻውን አይሠራም። ድርጅት ለመክፈት የሚያስበው ማስተሩ ነው። ፕሮፔን መጨመር ለሚፈልግ ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ከዚያው ቦርድ ነው።

እኔ ሴት ነኝ። የጀመርኩት ቢሮ ውስጥ ስልክ በማንሳት ነው። ክረምት ላይ ሌሊት የሚደውሉ ሰዎችን ተቀብዬ ቴክኒሺያን እልክ ነበር። ሁለት ዓመት ስሰማ ብልሽቱን በስልክ መለየት ቻልኩ። «ሪሴቱን (ቆልፎ የቆመውን በርነር ዳግም የሚያስነሳውን ቁልፍ) ጫንኩት፣ ትንሽ ሄዶ ቆመ» ካሉ ምን እንደሆነ፣ «ጭራሽ ድምፅ የለውም» ካሉ ምን እንደሆነ። አለቃዬ አንድ ቀን «አንቺ ለምን አትማሪም?» አለኝ። ተማርኩ። ሴቶች እህቶቼ ካላችሁ አትፍሩ። ከባዱ ዕቃ ቦይለር መቀየር ላይ ነው፣ እሱንም ሁለትና ሦስት ሰው ሆኖ ነው የሚያነሳው። ብቻቸውን ያሉ አሮጊቶች ደግሞ ሴት ስትመጣላቸው ደስ ሲላቸው አይቻለሁ።

ሂትፓምፕ_ሜሪላንድ

ወንድሜ፣ ክፉ አትበለኝና እውነቱን ልናገር። የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው፣ ሂት ፓምፕ፣ ያለ እሳት በኤሌክትሪክ ቤት የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ፣ እተክላለሁ። ባለፈው ዓመት ብቻ ስንት የናፍጣ ታንክ ሲወጣ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ማሳቹሴትስ በ2021 ባወጣው ሕግ በ2050 የተጣራ ልቀቱን ዜሮ ለማድረግ ወስኗል። አንተ 34 ወይም 35 ብትሆን በ2050 ገና ጡረታ አልወጣህም። ለምን ወደሚዘጋ በር ትገባለህ? ቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣና ሂት ፓምፕ ግባ። የማቀዝቀዣ ጋዝ ለመንካት የሚያስፈልገውን የኢፒኤ 608 ፈተና ውሰድ፣ ኤሌክትሪኩን ታውቃለህ፣ በዓመት ውስጥ ትቆማለህ።

ቤዝመንት_19

ይህን የሚል ሰው እፈልግ ነበር፣ አመሰግናለሁ። ያልከው ስህተት አይደለም። እኔም የልጄ ዕድሜ ላለ ሰው ናፍጣ ብቻ ተማር አልልም።

ግን እዚህ ያለውን አስብ። ቤቶቹ አሉ፣ ቦይለሮቹ አሉ፣ ራዲያተሮቹ አሉ። በአንድ ጥር አይነቀሉም። ታንኩ እስኪወጣ ድረስ በየዓመቱ አንድ ሰው ወርዶ ማጽዳት አለበት። ነዳጁም ቢሆን እንደነበረ አይቆይም። የናፍጣ ነጋዴዎቹ ራሳቸው በ2019 ፕሮቪደንስ ላይ ተሰብስበው በ2050 ዜሮ እንደርሳለን ብለው ተስማምተዋል። ባዮዲዝል (ከአትክልት ዘይትና ከመሳሰሉት የሚሠራ ነዳጅ) የተቀላቀለበት ናፍጣ አሁንም እየሸጡ ነው። ይሳካላቸዋል አይሳካላቸውም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለቴክኒሺያኑ ግን ሌላ ሥራ ማለት ነው፤ ማኅተሞቹን፣ ፓምፑን፣ ፊልተሩን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል።

ከሁሉም በላይ ግን ሙያው አይጠፋም። የውሃ ዝውውር፣ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ፣ ሰርኩሌተር፣ ዞን ቫልቭ፣ ቴርሞስታት፣ የቤቱን ሙቀት ፍላጎት ማስላት፣ እነዚህ ሁሉ ወደ ሂት ፓምፕ ይሄዳሉ። የሚቀረው እሳቱ ብቻ ነው። ኢፒኤ 608ን በመጀመሪያው ዓመትህ ውሰድ፣ እዚህ ከወንድማችን ጋር እስማማለሁ። ሁለቱንም የያዘ ሰው ክረምትም በጋም ሥራ አለው።

ሂትፓምፕ_ሜሪላንድ

እሺ፣ ይህን እቀበላለሁ። እኔ ጋ የሚመጡት ጎበዞቹ ከቦይለር የመጡት ናቸው፣ ቧንቧ ያውቃሉ። 608ን ግን እንዳትረሳው።

ኖርፎክ_ነኝ

ሰላም ከእንግሊዝ። እዚህ ያላችሁ ወገኖች ካነበባችሁት ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ናፍጣ ለንደን ውስጥ አትፈልጉ፣ እዚያ ጋዝ ነው። ናፍጣ ገጠር ነው፤ ኖርፎክ፣ ዴቨን፣ ዌልስ። ሰሜን አየርላንድ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት በናፍጣ ነው። የምናቃጥለው ከእናንተ የቀጠነ ነው፣ ኬሮሲን ነው።

ጋዝ ላይ ለመሥራት ጋዝ ሴፍ በሚባለው የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ መመዝገብ በሕግ ግዴታ ነው። ለናፍጣ እንደዚያ ያለ ግዴታ የለም። ግን ኦፍቴክ የሚባል የናፍጣ ባለሙያዎች መዝገብ አለ፣ በ1991 የተቋቋመ። ኦፍቴክ የተመዘገበ ሰው ሥራውን ራሱ አረጋግጦ ወረቀት ይሰጣል። ያልተመዘገበ ሰው ለአካባቢው የሕንፃ ቁጥጥር ማሳወቅና ክፍያ መክፈል አለበት። ስለዚህ ደንበኛው የሚጠይቀው መጀመሪያ ኦፍቴክህን ነው።

ኮርሶቹ በቁጥር ናቸው። 101 የበርነር ጥገናና ማስጀመር ነው። 105ኢ ቦይለር መትከል ነው። 600ኤ የታንክ ነው። አብዛኛው ሰው ከ101 ይጀምራል። ምዘናው በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። አጭር ኮርሶቹ የተሠሩት ቀድሞ የቧንቧ ወይም የማሞቂያ ሰው ለሆነ ነው። ምንም ልምድ ከሌለህ የአፕረንቲስነቱ መንገድ አራት ዓመት ገደማ ይወስዳል። አንድ የማውቀው ልጅ ልምድ ሳይኖረው 101 ከፍሎ ገባ። ወደቀ፣ ገንዘቡም አልተመለሰም። መጀመሪያ ከሰው ጋር መሥራት ነበረበት። ጋሼ ያሉት እዚህም ይሠራል።

የታንኩን ኮርስ አትናቁት። ሰው በርነር ይወዳል፣ ታንክ ይሰለቸዋል። ነገር ግን የፈሰሰ ኬሮሲን ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያስከትለው ወጪ ቤት ያሸጣል። እንግሊዝ ውስጥ ከ2,500 ሊትር በላይ የሚይዝ የቤት ታንክ ሁለተኛ ግድግዳ ያለው መሆን አለበት።

ፍራንክፈርት_ዳር

ጀርመን ላላችሁ ባጭሩ። እዚህ «የናፍጣ ቴክኒሺያን» የሚባል ለብቻው የለም። አውስቢልዱንግ (እየሠሩ መማር) ነው፤ አንላገንመካኒከር ኤስሃካ ይባላል፣ ሦስት ዓመት ተኩል። ቧንቧ፣ ማሞቂያና አየር በአንድ ላይ። እየተማርክ ደመወዝ ይከፈልሃል፣ ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው። ድርጅት ውስጥ ትሠራለህ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ሙያ ትምህርት ቤት ትገባለህ። ጀርመንኛህ ቢያንስ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ካልሆነ ትምህርት ቤቱ ላይ ትቸገራለህ። አገር ቤት የተማረ ሰው ወረቀቱን ወደ ሃንድቨርክስካመር (የእጅ ሙያ ምክር ቤት) ወስዶ ማስገምገም ይችላል። ሙሉ ባይቀበሉትም የጎደለውን ይነግሩሃል።

በ2024 አዲስ የማሞቂያ ሕግ ሥራ ላይ ውሎ አዲስ የናፍጣ ቦይለር መትከልን አክብዶት ነበር። ጥገናው ግን አለ። የጭስ ማውጫ ጠራጊው መጥቶ ይለካል፣ ከልኩ በላይ ከሆነ ቴክኒሺያን ይጠራል።

ሥራ_ፈላጊ_22

እኔም ቦስተን ነኝ። ጥያቄዬ ቀጥታ ነው። ዩቲዩብ አይቼ የራሴን ቤት በርነር አጽድቻለሁ፣ ይሠራል። ለሐበሻ ቤቶች በርካሽ ብሠራላቸው ምን ችግር አለው? ሁሉም ይጠቀማል። ላይሰንሱ በኋላ ይደርሳል።

ፖርትላንድ_ሜይን

ወንድሜ እባክህን ይህን አታድርግ። እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው የምለምንህ።

አገር ቤት በከሰል ጭስ የሞተ ሰው ታውቃለህ? ሁላችንም እናውቃለን። በር ዘግተው ተኝተው ጠዋት ያልተነሱ። እዚህም ያው ጋዝ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። አይሸትም፣ አይታይም። ጭስ ማውጫው ተዘግቶ፣ አየሩ በትክክል ሳይስተካከል እሳቱ እየነደደ ከሆነ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። በርነሩ ስለነደደ «ይሠራል» አይባልም። የሚያረጋግጥልህ መለኪያው ነው። አናላይዘር አለህ? ጭሱን ለካህ?

ደግሞ አንድ ነገር ቢደርስ የቤቱ ኢንሹራንስ የሚጠይቀው ማን እንደነካው ነው። ላይሰንስ የሌለው ሰው ከሆነ ያ ርካሽ የሐበሻ ዋጋ ለዚያ ቤተሰብ ቤቱን ሊያሳጣው ይችላል። ወገናችንን መርዳት ከፈለግህ ረዳት ሁንና ላይሰንሱን አውጣ፤ ከዚያ በአማርኛ የሚያስረዳቸው ቴክኒሺያን ሁንላቸው። እሱ ነው የጠፋው።

ቤዝመንት_19

እህቴ ያለችው ላይ አንድ ታሪክ ልጨምር። ለመናገር ይከብደኛል፣ ግን ይጠቅማል።

ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነበርኩ። ሰርተፊኬቱን ገና መያዜ ነው። የካቲት፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት አካባቢ ተጠራሁ። ማሞቂያው በቱቦ ሙቅ አየር የሚልክ ፈርነስ ነው። ባልየው ሪሴቱን ሰባት ስምንት ጊዜ ተጭኗል። በተጫነ ቁጥር ፓምፑ ናፍጣ እየረጨ፣ እሳቱ ሳይነሳ ቆልፎ ይቆማል። የረጨው የት ይሄዳል? ማቃጠያው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። እኔ ብልሽቱን አገኘሁት፤ የኤሌክትሮዱ ሸክላ ተሰንጥቋል። ቀየርኩት። በጣም ደስ አለኝ። ትንሿን በር ከፍቼ ሆዱን በባትሪ ሳላይ አስነሳሁት።

መጀመሪያ በደንብ ነደደ። ቀጥሎ የተጠራቀመው ሁሉ ተቀጣጠለ። የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከቦታው ዘለለ። ጥላሸቱ በቱቦው ወደ ላይ ወጣ። ደረጃውን ሮጬ ስወጣ እናትየዋ ሕፃኑን አቅፋ በሌሊት ልብሷ በረንዳ ላይ ቆማለች። አልጋው ጠርዝ ላይ የተሰጡት የሕፃኑ ነጭ ልብሶች ጥቁር ሆነዋል። ማንም አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ያቺን እናት ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ድርጅቱ አላባረረኝም፤ አንድ ሽማግሌ ቴክኒሺያን ጠዋት ይዞኝ ሄዶ አብረን ግድግዳ አጠብን።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሪሴቱን ስንት ጊዜ ተጫናችሁት?» ነው። ቀጥሎ ባትሪ። ሰርተፊኬት ይዤ ነው ይህን ያደረግኩት። ሳይኖርህ ምን ሊሆን እንደሚችል አስበው። ቤታችሁ ናፍጣ የምታነዱም ሁሉ፣ ሪሴቱን አንዴ ተጫኑ። ካልተነሳ ተዉትና ደውሉ።

ሥራ_ፈላጊ_22

ገብቶኛል። ይቅርታ አድርጉልኝ። ረዳት ለመሆን እኔም አመለክታለሁ።

ቤዝመንት_19

ምንም አይደል ወንድሜ። የውስጥ መልእክት ላክልኝ፣ ሁለት ድርጅት እጠቁምሃለሁ።

ስለ መንጃ ፈቃድ አንድ ነገር፣ ለሁለታችሁም። ድርጅቶቹ መጀመሪያ የሚያዩት የመንዳት ታሪካችሁን ነው፤ ቫን ስለሚሰጧችሁ። የፍጥነት ቅጣት የተደራረበበት ሰው ጎበዝ ቢሆንም አይቀጠርም። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያላችሁ ደግሞ የናፍጣ ቦቴ መንዳትም መግቢያ ነው። የአደገኛ ዕቃ ፈቃድ ይጨመርበታል፣ ለእሱ የጀርባ ታሪክ ምርመራ አለ። ታንክ ሲሞላ ፉጨቱን መስማት ከዚያ ይጀምራል። ፉጨቱ ሲቆም ታንኩ ሞልቷል። ፉጨት ሳይሰማ የሚሞላ ሰው ቤዝመንት ያጥለቀልቃል።

ሌላው ቤተሰብ ነው። ክረምት ላይ በተራ ሌሊት ትጠራላችሁ። የኛ ገናና ጥምቀት የሚውሉት ብርዱ በሚከፋበት በጥር ነው። ብዙ ጥምቀት ቤዝመንት ውስጥ አልፎኛል። ባለቤቶቻችሁ ይህን ቀድመው ይወቁ።

የኮምቦልቻ_ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ እንግሊዝኛው። ሥራውን አውቀዋለሁ፣ ስሙን ግን አላውቅም። ፈተና ላይ «ድራፍት» ምን ማለት እንደሆነ ሳስብ ጊዜው ያልቃል ብዬ እፈራለሁ።

ፖርትላንድ_ሜይን

ደብተር ያዝ። በአንዱ ገጽ ዕቃውን በስልክህ ያነሳኸውን ፎቶ አትመህ ለጥፍ፣ ሥሩ የእንግሊዝኛውን ስም ጻፍ፣ ከሥሩ በአማርኛ ምን እንደሚሠራ። ድራፍት፤ ጭስ ማውጫው ጭሱን ወደ ላይ የሚስብበት ኃይል። ካድ ሴል፤ እሳት መኖሩን የሚያይ ዓይን፣ ብርሃን ሲያይ ሬዚስታንሱ ይወርዳል። እኔ 120 ቃል በዚህ መንገድ ያዝኩ። ፈተናው ላይ ገጹ ፊቴ ድቅን ይል ነበር።

የኮምቦልቻ_ልጅ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ።

አራት ድርጅት አመለከትኩ። ሁለቱ አልመለሱም። አንዱ ልምድ ያለው ብቻ ነው የምንፈልገው አለ። አራተኛው ጠራኝ። ኢንተርቪው ያደረገኝ ሰው ወደ ጋራዡ ወሰደኝና መልቲሜትር ሰጠኝ። «ይህ ካድ ሴል ደህና ነው?» አለኝ። ሽቦውን ፈትቼ ኦሙን ለካሁ። በእጄ ሸፍኜው ሲጨምር፣ ብርሃን ላይ ሳደርገው ሲቀንስ አሳየሁት። ከዚያ ስለ እንፋሎት ጠየቀኝ። ጋሼ እንዳሉት የውሃ መስተዋቱን፣ ብሎው ዳውኑን ነገርኩት። ፈገግ አለ። «እንፋሎት የሚሠሩልኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ከስድሳ በላይ ናቸው» አለኝ። ለብሮንዙ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። ሦስት ቤት አጸዳን። ሁለቱን ቫኪዩም ያዝኩ፣ ዕቃ አቀበልኩ። ሦስተኛው ላይ የሚያሠራኝ ሰው እያየኝ የጭሱን መሳቢያ ራሴ እንድይዝ ፈቀደልኝ። 10 ጊዜ ሳብኩ። ወረቀቷን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኳት። ነጭ ነበረች። ካርዱ ላይ «0» ብሎ እንድጽፍ አደረገኝና ከጎኑ እሱ ፈረመ። ወረቀቷን ኪሴ ውስጥ ይዤ መጥቻለሁ። ማታ ለባለቤቴ በቪዲዮ አሳየኋት።

ጋሼ፣ ለብሮንዙ ከየትኛው ክፍል ልጀምር?

ቤዝመንት_19

እልልል! እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ።

ከኤሌክትሪኩ አትጀምር፣ እሱን ታውቀዋለህ። ከማቃጠልና ከኖዝል ጀምር። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ ማልደን መጥቼ የአጎትህን በርነር አብረን እናየዋለን። ደብተርህን ይዘህ ጠብቀኝ። ጉልበት መከላከያም ግዛ።